የተቀጠሩበት ቀን

ሰኞ ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በኃላፊው ክፍል ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ ኃላፊው አቶ ክንዱ፣ መምህርት ሸምሲያ አብዱልመናን፣ የስምንት ዓመት ልጇ ሃጂራ እና የጽሕፈት ሠራተኛው እኔ ምንይችል። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ብዙ ሰው ራሱ እዚያ እንደነበረ አድርጎ ስላወራው ነው።

ከጎንደር የመጣው የመምህራን ዝውውር ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ነበር። አሥራ አንድ ገጽ ነው። አቶ ክንዱ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ፣ ወደ ጎንደር ከተማ የተዛወሩትን የሦስት መምህራን ስም አነበቡ። ሸምሲያ የለችበትም። ከእኛ ወረዳ ማንም የለበትም።

“እስቲ እንደገና” አለች።

እንደገና አነበቡላት። ከዚያ የተጠባባቂዎቹን ገጽ ገለጡና ስሟን ሠላሳ አንደኛ ላይ አገኙት። ከስሟ አጠገብ፣ የአገልግሎት ዘመን በሚለው ሥር፣ አሥራ አራት ተብሎ ተጽፏል።

“አገልግሎትሽ አልተቀነሰም” አሉ አቶ ክንዱ። “ከአንቺ የበለጠ ያገለገሉ ሠላሳ ሰዎች አሉ ማለት ነው።”

“እስከ ዛሬ የት ነበሩ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። ቆላ ወርደው ይሆናላ።” ቀጥለውም ኮምፒዩተር ዘመድ እንደሌለው፣ የማንንም ፊት እንደማያይ ነገሯት። ይህን ያሉት ሊያጽናኗት ነበር።

ሸምሲያ ወደ እኔ ዞረች። መረጃዋን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያስገባሁት ልክ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ሃጂራ በዚህ መካከል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ መስተዋት የገባለትን የምስጋና ደብዳቤ በጣቷ ትነካካ ነበር። መስማት ስለማትችል ተይ ቢሏትም አታውቅም።

ሸምሲያ የጎንደር ልጅ ናት። አባቷ አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣች መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ተቀጥራ ወደ እኛ ደጋ፣ ጓሳ ሜዳ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ተላከች። ከወረዳው ከተማ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። ሁለት ዓመት እሠራና እመለሳለሁ ብላ ነበር የመጣችው። እኔንም ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ኅብረተሰብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት፤ እዚህ እሷ የምለው ለመጻፍ እንዲቀል ብዬ ነው።

ባሏ ሷሊሕ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሃጂራ በተወለደች በዓመቷ መተማ መንገድ ላይ በአደጋ ሞተ። ሃጂራ ራሷ በሁለት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታመመች። ከበሽታው ዳነች፣ ጆሮዋ ግን አልዳነም። ጎንደር ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ የሚያስተምር አንድ ክፍል አለ። የሚቀበለው ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ነው፤ ቤተሰቡም እዚያው ከተማ ኖሮ፣ ጠዋት የሚያደርስ፣ ማታ የሚመልስ፣ ምልክቱንም አብሮ የሚማር መሆን አለበት። ሸምሲያ ባለፈው ዓመት ልጅቷን አዲስ ዓለም አክስቷ ዘንድ አስቀምጣ ሞክራው ነበር። ሃጂራ መብላት አቆመች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከቤት ወጥታ በአዘዞ መንገድ መሐል ላይ ስትሄድ ተገኘች፤ ከኋላዋ ሦስት መኪና ቆሞ ጥሩምባ እየነፋባት። ከዚያ ወዲህ እናቷ ለማንም አልሰጠቻትም። ሃጂራ ዘጠኝ ዓመት የሚሞላት በመጪው ታኅሣሥ ነበር። ስለዚህ ዝውውሩ በዚህ ዓመት ካልሆነ ክፍሉ የለም።

ደግሞ ተራው የእሷ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ዝውውር ድሮ በጥቁር ሰሌዳ ነበር የሚሠራው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የየወረዳው ተወካይና አመልካቾቹ ራሳቸው ጎንደር አንድ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። የእያንዳንዱ ሰው ስምና የተቀጠረበት ዓመት በጠመኔ ይጻፋል። ጸሐፊው አንድ ዓመት ቢጨምር ከኋላ አንዱ ይነሣና፣ እሱ ሰውዬ ከእኔ ጋር ነው የተመረቀው፣ እንዴት ቀደመኝ ይላል። ሌላው ደግሞ፣ አንተ ያኔ ገና በቁምጣ ነበርክ ይለዋል። ሳቅም ስድብም አለ። ሁለት ቀን ይፈጃል። አንድ ዓመት ወንበር እስከ መወራወር ተደርሶ ነበር ይባላል። ነገር ግን የማንም ዓመት ሳይታይ አያልፍም። በ2002 ዓ.ም. ሸምሲያ በሰሌዳው ላይ አራተኛ ነበረች፤ የጎንደር ቦታ ሦስት ነበር። ሦስቱ ሄዱ። አዳራሹ ሲበተን ሰዎች ለከርሞ አንቺ ነሽ ብለው እጇን ጨብጠዋት ነበር።

በታኅሣሥ 2003 ከዝውውር አስተባባሪ ኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ዝውውር የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው፣ በአዳራሽ መሰብሰብ ቀርቷል፣ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ የጽሕፈት ሠራተኛ ለሥልጠና ይላክ የሚል ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። አበባ የተጠለፈበት ጨርቅ ለብሶ፣ መብራት ሲኖር ብቻ ይገለጣል። ዘበኛው አያ አበቡ ሙሽራዋ ይሉታል። ጠዋት ጠዋት በመስኮት አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ “ሙሽራዋ ዛሬም አልተገለጠች?” ይሉኛል። እኔ በስምንተኛ ክፍልና በታይፕ የምስክር ወረቀት ነው የተቀጠርኩት። ከእኔ ሌላ የሚነካው ስላልነበረ እኔ ተላክሁ።

ሥልጠናው በየካቲት ሦስት ቀን ነበር። አሠልጣኙ ደመቀ የሚባል፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ፈጥኖ የሚናገር ሰው ነው። ለእያንዳንዳችን ፕሮግራሙ ያለበት ሲዲና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አርባ ስድስት ገጽ መመሪያ ሰጠን። ከጎኔ አላምረው የሚባል ከቆላ ወረዳ የመጣ ልጅ ተቀምጦ ነበር። ማውሱን እንዴት እንደያዝኩ አይቶ፣ “ምነው እንደ መጅ ጨበጥከው፣ እህል የለበት” አለኝ። ሦስቱንም ቀን እንዲህ ሲያስቀኝ ነበር። ኮምፒዩተሩን ግን ከእኔ ይልቅ ያውቀው ነበር።

መመሪያውን ምሳ ሰዓት ላይ በመዝገበ ቃላት እያገዝኩ አነበብኩት። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል አንድ ነገር ተጽፏል። ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይግቡ፤ ፕሮግራሙ የአገልግሎት ዘመንን የሚያወጣው ኮምፒዩተሩ ከሚያውቀው የዛሬ ቀን ላይ በመቀነስ ነው ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኮምፒዩተሩ ላይ በሚታየው ቅጽ ግን የተቀጠሩበት ቀን ከማለት በቀር በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚል የለም። ደመቀም በሦስቱ ቀን አላነሣውም።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ደመቀ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ፣ ጥያቄ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቀ። እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። ገና ትከሻዬ ሳይደርስ አላምረው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “አበላችን ይውጣ በልልን” አለኝ። አጠገባችን ያሉት ሰሙና ሳቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ገጽ ሠላሳ አንድን ሁሉም ያነበዋል ብዬ አሰብኩ። ደመቀ ጥያቄ ከሌለ በሰላም ግቡ አለና ተበተንን።

የእኛ ወረዳ መምህራን አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። የእያንዳንዳቸውን ፋይል ከመዝገብ ቤት አወጣሁ፤ የተቀጠሩበትን ቀን ከቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ አነበብኩ። በአንድ ደብተር ላይ በግራ በኩል የእኛን ቀን፣ በቀኝ በኩል የፈረንጆቹን ጻፍኩ። ከመስከረም ጀምሮ የእነሱ አዲስ ዓመት እስኪገባ ሰባት፣ ከገባ በኋላ ስምንት ይጨመራል። ይህን ሸምሲያ ሰባተኛ ክፍል ላይ አስተምራን ነበር። ወሩንና ዕለቱን እንዴት እንደሚያመጡትም፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ምን እንደሚለወጥም አስተምራናለች። መብራት በፈረቃ ስለነበር ሥራው አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ።

በመጋቢት ሸምሲያ መረጃዋን ለማየት ከጓሳ ሜዳ ወረደች። ሃጂራም አብራት ነበረች። ገጿን ከፈትኩላት። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የትምህርት ደረጃዋን አየችና ቀኑ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ወሩ ዘጠኝ፣ ቀኑ አሥራ አንድ፣ ዓመቱ 1997 ይላል። በጣቶቿ ቆጠረች።

“ሰባት ጨመርክ” አለች።

“አዎ ቲቸር። መስከረም ስለሆነ።”

“ሸጋ” አለች። የጎንደር ሰው እንዲህ አይልም፤ ከእኛ ነው የለመደችው። ከዚያ ሃጂራን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠግታ ስሟን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ በጣቷ እያሳየች፣ እኔ ነኝ ለማለት ደረቷን መታ መታ አደረገች።

መረጃውን በፍላሽ ላክን። በሚያዝያ ኮሚቴው የምስጋና ደብዳቤ ጻፈልን። ከሁሉም ወረዳዎች አንድም ባዶ ቦታ ሳይኖርበት፣ በጥራት የደረሰው መረጃ የእኛ ብቻ ነው ይላል። አቶ ክንዱ ደብዳቤውን መስተዋት አስገብተው ከራሳቸው ወንበር በላይ ሰቀሉት። ያን ቀን ሻይ ጋበዙኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥርም ያሳዩት ነበር።

እንግዲህ ሃጂራ ሰኔ 20 ቀን በጣቷ ስትነካካ የነበረው ይህን ደብዳቤ ነው።

ቅሬታ ማቅረቢያው አምስት የሥራ ቀን ነበር። አቶ ክንዱ ከልብ አዘኑላት፤ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈው እኔም ፋይሏን ይዤ አብሬያት እንድሄድ ፈቀዱ። ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ወጣን። ዝናብ ነበር። ሃጂራ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የመስኮቱን ጭጋግ በእጇ እየጠረገች መንገዱን ታይ ነበር። ሸምሲያ ብዙ አላወራችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምናልባት ስሟ የሚመሳሰል ሌላ መምህርት ትኖር ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። ሊሆን ይችላል አልኳት።

የኮሚቴው ቢሮ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ ፎቅ ላይ ነው። ደመቀን ብቻውን አገኘነው። አላስታወሰኝም። ደብዳቤውን አነበበና የሸምሲያን ገጽ ከፈተ። ፋይሏን ከእኔ ተቀብሎ አስተያየው። ሁሉም ልክ ነው አለ። ከዚያ ወደ ጎንደር ያለፉትን ሦስቱን ሰዎች እንዲያሳየን ሸምሲያ ለመነችው። ትንሽ አመነታና ከፈተው።

የመጀመሪያው በ1994 የተቀጠረ ነው። ሁለተኛው በ1995፣ ሦስተኛዋ በ1996። ከ1997 ሁሉም ይቀድማሉ። ሸምሲያ አየችና፣ እንግዲህ ይቀድሙኛል ብላ ወንበሩ ላይ ተመለሰች። እኔ ግን ከዓመቱ ፊት ያለውን ቁጥር እያየሁ ነበር። የሦስቱም ወር አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ። የተጠባባቂዎቹን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ወደ ታች አወረደው። ወር አንድ፣ ቀን አንድ። እንደገና ወር አንድ። ሠላሳውም እንዲሁ። ዘጠኝ የሚል ወር ያለው ሸምሲያ ላይ ብቻ ነው፤ ከእሷ በታች ደግሞ የእኛ ወረዳ መምህራን ላይ።

ወር አንድ በፈረንጆቹ ጥር ነው፤ መምህር ደግሞ በጥር አይቀጠርም። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ መምህር የሚቀጠረውም በመስከረም ነው። የመጀመሪያው ወር የሚሉት የእኛን መስከረም ነው። ዓመቱንም እንደ ጻፉት፣ በእኛው አቆጣጠር ነው። ፕሮግራሙ ግን የፈረንጅ ነው ብሎ ከ2011 ላይ ቀንሶታል። በ1996 ዓ.ም. የተቀጠረችው መምህርት ሰባት ዓመት ያገለገለች ናት፤ ኮምፒዩተሩ አሥራ አምስት አድርጎላታል። ከየወረዳው የመጣ ሁሉ ያላገለገለው ሰባትና ስምንት ዓመት ተጨምሮለታል። ያገለገለውን ብቻ የያዘው የእኛ ወረዳ ነው።

ይህን ለደመቀ ነገርኩት። ደመቀ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች እያወጣና እያወረደ አየው። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

“ቀኑን ማን ለውጥ አለህ?”

“መመሪያው ላይ አለ። ገጽ ሠላሳ አንድ።”

ከመደርደሪያው የራሱን መመሪያ አወረደ። አዲስ ነበር፤ ገጾቹ ተጣብቀው ሲላቀቁ ተሰማ። ገጽ ሠላሳ አንድን አገኘና ከግርጌው አነበበ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ቀና ብሎ ሲያየኝ ያስታወሰኝ መሰለኝ።

“ያን ቀን ጥያቄ አለ ወይ ስል ለምን አልጠየቅከኝም?”

የሸምሲያን ፋይል ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ።

ሸምሲያ፣ እንግዲህ ከታወቀ ይስተካከላላ አለችው። ደመቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን አስረዳት። ከስድስት መቶ በላይ መምህራን የዝውውር ደብዳቤ በእጃቸው ነው። ብዙዎቹ የእጃቸውን ንብረት አስረክበዋል፣ ቤት ተከራይተዋል። ይህን ለማስተካከል ሁሉንም መሰረዝ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ የጸደቀን ነገር አይከፍትም፤ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ዝውውር ያለ እንከን ተጠናቀቀ ተብሎ ለበላይ ሪፖርት ተደርጓል። ቅሬታ የሚታየው የራስ ወረዳ የአመልካቹን መረጃ ተሳስቶ ሲያስገባ ብቻ ነው።

“የእናንተ ወረዳ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ አስተካክልልሽ ነበር” አላት። “መረጃሽ ልክ ነው። ልክ የሆነውን ምን ብዬ ልቀበል?”

ሃጂራ የሁላችንም አፍ መንቀሳቀስ ሲያቆም እያየችን ነበር።

ሸምሲያ ቀስ ብላ፣ ወረዳው ተሳስቻለሁ ብሎ ቢጽፍስ አለችው። ደመቀ ወደ በሩ አየ። የኃላፊው ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ የተቀጠረችበት ዓመት በስሕተት ገብቷል፣ 1990 ተብሎ ይታረም የሚል ደብዳቤ እስከ ሰኞ ከደረሰው እሱ ተቀብሎ እንደሚያርም፣ ከዚያ በላይ እንደማይጠየቅ ነገራት። 1990 ከተባለ ሃያ አንድ ዓመት ይሆንላታል፤ አንደኛ ትወጣለች። ቦታውም ከሌላ ሰው የሚቀማ ሳይሆን፣ በተጨማሪ የሚያዝ አንድ መደብ ነው አላት።

ከደረጃው ሥር ቆመን በእኔ ስልክ ወደ አቶ ክንዱ ደወልን። ነገሩን መጀመሪያ እኔ አስረዳኋቸው። ከዚያ ሸምሲያ ተቀበለችኝ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

“ውሸት ፈርም ነው የምትይኝ?”

“ሌላው ሁሉ በውሸት አይደለም ወይ ያለፈው፣ አያ ክንዱ?” ቢሮ ውስጥ አቶ ነው የምትላቸው፤ ያን ቀን ግን አያ አለቻቸው።

አቶ ክንዱ ልጅቷን እንደሚያውቋት፣ የእሷ ነገር እንቅልፍ እንደሚነሣቸው ተናገሩ። ነገር ግን ለአንድ ሰው ስሕተት ነው ብለው ቢፈርሙ ለአራት መቶ አሥራ አንዱ ምን እንደሚሉ ጠየቋት፤ ነገ ሁሉም በራቸው ላይ ይሰለፋል። በጥራት የተመሰገኑበትን ሥራ ስሕተት ነበር ብለው በራሳቸው ማኅተም መጻፍ አይሆንላቸውም።

“መረጃሽ ልክ ነው፣ መምህርት” አሏት በመጨረሻ። “ልክ መሆኑን ደግሞ አንቺ ራስሽ መጥተሽ አይተሻል።”

ስልኩን መለሰችልኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ። ቃሉን እያዘጋጀሁ ሳለሁ እሷ ቀደመችኝ።

“ፈተና ላይ ቢሆን ሙሉ ነጥብ ነበር የምሰጥህ” አለችኝ። እንደ ምፀት አልነበረም። ደብተር እንደሚመልስ አስተማሪ ነበር ያለችው።

አውቶቡሱ የሚነሣው በማግሥቱ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ያለበትን ትምህርት ቤት ልትጠይቅ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ምናልባት ዕድሜውን ትንሽ ያለፈች ልጅ ይቀበሉ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። የክፍሉ መምህርት በጥሩ ሁኔታ አናገረችን። በዚህ ዓመት ወደ ከተማ ከገባች አሁኑኑ እንደምትመዘግባት፣ ለከርሞ ከሆነ ግን ከሃጂራ ያነሱ ብዙ ልጆች እየጠበቁ ስለሆነ ቃል መግባት እንደማትችል ነገረችን። ሸምሲያ ልጅቷን ለብቻዋ እዚያ ማደሪያ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ማደሪያ የላቸውም።

በዚህ ጊዜ ሃጂራ አጠገባችን አልነበረችም። ግቢው ውስጥ፣ ዝናቡ ባረፈበት፣ አራት ልጆች በእጃቸው እየተነጋገሩ ነበር። አንደኛው አንድ ነገር በእጁ አለና ሦስቱ ሳቁ። ሃጂራ ከእነሱ ሁለት ሜትር ያህል ርቃ ቆማ ታያለች። ልጁ ወደ እሷ ዞሮ በእጁ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ እናቷ ያሳየቻትን ብቻ ነው የምታውቀው፤ ደረቷን መታ መታ አደረገች። ልጁ ጠበቀ። የምትጨምረው ነገር አልነበራትም። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ።

ሸምሲያ ሄዳ እጇን ይዛ አመጣቻት።

ዓርብ ወደ ወረዳችን ተመለስን። ከመናኸሪያው ተነሥተው ወደ ጓሳ ሜዳ ሲሄዱ ሃጂራ ገበያውን እስኪያልፉ ድረስ ወደ ኋላ እየዞረች ታየኝ ነበር። ቢሮ ስገባ አያ አበቡ፣ ሙሽራዋ ናፍቃሃለች አሉኝ። ጨርቁን ገልጬ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። የሸምሲያን ገጽ አወጣሁ። ዓመቱ ላይ ጠቋሚውን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። እዚያ ብለውጠው ጎንደር ያለው እንደማይለወጥ አውቃለሁ። እንዳለ ተውኩት።

ሰኔ 29 ቀን የቅሬታው መልስ በደብዳቤ ደረሰ። የአመልካቿ መረጃ ተጣርቶ ትክክል ሆኖ ስለተገኘ ቅሬታው ተቀባይነት የለውም ይላል። ግልባጩን ፋይሏ ውስጥ ያያያዝኩት እኔ ነኝ።

በመስከረም ሸምሲያ ጓሳ ሜዳ ትምህርት ጀመረች። ሃጂራ ከእናቷ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። በኅዳር የተሻሻለው ፕሮግራም በአዲስ ሲዲ መጣ፤ የተቀጠሩበትን ቀን በራሳችን አቆጣጠር ተቀብሎ ራሱ የሚለውጥ ነው። በታኅሣሥ ሃጂራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት።